ዓሣ በአረንጓዴ ቅጠል፦ ከጎረቤት የማይለየን ማዕድ



በአንድ የዒድ ዕለት ጎረቤታችን የሆኑ ክርስቲያን እናት «እንኳን አደረሳችሁ» ሊሉን መጡ። እኚህ እናት የመጀመሪያ ልጃችን በተወለደች ጊዜ ከአጠገባችን ሳይለዩ ያደሩ፣ ገንፎውንም በእጃቸው ያገነፉ ሰው ናቸው። ቤታችን በሥጋ ሞልቶ ሳለ ለእሳቸው ያቀረብነው ግን ለስላሳና ብስኩት ብቻ ነበር። እሳቸው ቅር አላላቸውም፤ ያፈርነው እኛ ነን። በሀገራችን አንዱ የሌላውን እርድ እንደማይበላ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ይህን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ይሁን እንጂ ሁለታችንም ያለ ሥጋት እጃችንን የምንዘረጋበት ምግብ በአጠገባችን እያለ ዘንግተነው ኖረናል። እሱም ዓሣ ነው።

ዓሣ እርድ አያስፈልገውም። በሱረቱል ማኢዳ 96ኛው አንቀጽ የባሕር አደን ተፈቅዶልናል፤ የሐይቅና የወንዝ ዓሣም ከዚሁ የሚገባ ነው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ይበሉታል። በጾም ወራት ግን የሚበሉም የማይበሉም ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው። ሥጋ ባልተሠራበት ዕቃ ብናዘጋጀው ደግሞ የእንግዳችን ልብ ያርፋል።

ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ግማሽ ግማሽ ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ቆሮሶዎች ይበቃሉ። ቆሮሶ ከጣና፣ ከዝዋይም ሆነ ከሐዋሳ ሐይቅ የሚገኝ ነው። ስንገዛ ዓይኑ የጠራ፣ ከጭንቅላቱ ጎን ያለው ክዳን ሲከፈት ውስጡ ደማቅ ቀይ የሆነ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ መሆኑን እንይ። መጥፎ ሽታ ካለው ይቅርብን።

ቅርፊቱን ፍቀን፣ ሆድዕቃውን አውጥተን በደንብ እናጥበዋለን። ሁለቱን ጎን በቢላ ሦስት ሦስት ቦታ እንተለትልና ጨውና የአንድ ሎሚ ጭማቂ አሽተን ሩብ ሰዓት እናቆየዋለን። በውጭ አገር የምግብ መጻሕፍት አንዳንዶቹ ወይን ጠጅ ያፈስሱበታል፤ ለእኛ ሎሚው ይበቃናል።

ለላዩ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ አንድ እስር የድንብላል ቅጠል፣ ጥቂት የበሶብላ ቅጠል፣ አራት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርትና አንድ ቃሪያ አድቅቀን፣ ከአንድ እፍኝ የደረቀ ዳቦ ፍርፋሪና ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጋር እናዋሕዳለን።

እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት እንንገራችሁ። መጀመሪያ የሞከርን ጊዜ ቅጠሉን ከዓሣው ጋር አብረን ኦቨን ውስጥ ከተትነው። ቅጠሉ አርሮ መረረ፤ ዓሣው ግን አጥንቱ አጠገብ ጥሬ ነበር። እናታችን አይተው «ልጆቼ፣ ልብሱን አቃጠላችሁት፤ ባለቤቱ ግን ገና አልሞቀውም» ብለው ሳቁብን። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ኦቨኑን እስከ 200 ዲግሪ አስቀድመን እናሞቃለን፤ ዓሣውን በተከተፈ ሽንኩርት ላይ አጋድመን፣ በፎይል ሸፍነን 15 ደቂቃ እናበስላለን። ከዚያ ገልጠን ቅጠሉን እንቀባና ለ10 ደቂቃ እንመልሰዋለን። ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በቀላሉ ሲላቀቅ በስሏል ማለት ነው። ካልተላቀቀ ጥቂት እንጨምርለት።

ኦቨን የሌለን ደግሞ የእናቶቻችን የድፎ ዳቦ ሙያ አለልን። ዓሣውን በኮባ ቅጠል ጠቅልለን ምጣድ ላይ እናኖራለን፤ ቆርቆሮ ደፍተን ከላይም ፍም እናደርጋለን። ሊበስል ሲል ኮባውን ገልጠን አረንጓዴውን ቅጠል እንቀባና መልሰን እንደፋበታለን። ለሕፃናት ስናቀርብ እሾሁን በጣታችን እየዳሰስን ማውጣትን አንርሳ።

በሌላ ጊዜ እኚያን እናት ለምሳ ጠራናቸው። ዓሣው በአንድ ትሪ ቀረበ፤ እሳቸውም እናታችንም ከአንድ ወገን ቆረሱ። ጎረቤታችን ጥቂት ከበሉ በኋላ ቀና ብለው «ለካ አብረን የምንበላው ነበረን!» አሉ። እናታችንም መልስ ሳይሰጡ ከዓሣው ያለ እሾህ የሆነውን ለይተው አጎረሷቸው።