መንገድ ብቻውን አገልግሎት ነውን?



እንደሚታወቀው ስለ ትራንስፖርት ችግር ሲነሣ ቶሎ በሁላችንም ዐይን ላይ የሚመጣው አዲስ አበባ ነው። የታክሲው ሰልፍ፣ የአውቶቡሱ ግፊያ፣ ከየካ አባዶና ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ መሐል ከተማ ለመድረስ የሚደረገው ሩጫ በቴሌቪዥን ታይቷል፤ በሬዲዮ ተወርቷል። ቀላል ባቡሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አገር ሰምቷል። በኋላም ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው ዜና ሆኗል። ዜና መሆንም ይገባዋል። የከተማ ዳር ነዋሪ ችግር እውነተኛ ችግር ነው፤ ማንም አይክድም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ከደሴ ወደ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የመካነ ሰላም ሕዝብ መኪና አጥቶ መናኸሪያ ሲያድር ማን ያያል? ማንስ ይጽፋል?

ከደሴ የተነሣ መኪና የጉጉፍቱን ብርድና ጉም አልፎ፣ በለጋምቦ አቀስታን ረግጦ ነው ቦረና የሚገባው። ከዚያ ወዲያ ወግዲ አለ፤ ከወግዲ ወዲያ ዐባይ በጥልቅ ሸለቆው ከጎጃም ይለያል። አካባቢው ሩቅ ነው ቢባል ውሸት አይደለም። ግን የተረሳ ባዶ አገር አይደለም። መካነ ሰላም ዛሬ ሆስፒታል አላት፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስም አላት። በቀድሞው ዘመን የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአገር ውስጥ አውሮፕላን ከሚያርፍባቸው ትንንሽ ከተሞች አንዷ እሷ ነበረች። በረራው ቀረ። እንግዲህ የቀረልን በጎማ የሚሄደው ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ልብ አይገኝም።

ይህን ስንናገር «መንገድ ተሠርቶላችሁ የለም ወይ?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ስለ መንገድ ሥራ የሚነገረው በኪሎ ሜትር ነው፤ ይኸን ያህል ኪሎ ሜትር ተጠረገ፣ ይኸን ያህል ድልድይ ቆመ ይባላል። መልካም ነው። ነገር ግን መንገድ ብቻውን አገልግሎት አይደለም። ትምህርት ቤት ማለት ቆርቆሮና ግድግዳ እንዳልሆነ እኛ ሠልጣኞች ከማንም ይበልጥ እናውቃለን፤ መምህር ያልገባበት ክፍል ክፍል አይባልም። እንደዚሁም በታወቀ ሰዓት፣ በታወቀ ታሪፍ፣ ሄዶ የሚመለስ መኪና የሌለበት መንገድ ለእግረኛና ለአህያ የተደለደለ አቧራ ነው።

አሠራሩን እንመልከት። በደንቡ ታሪፍ የሚወጣው በኪሎ ሜትር፣ በመንገዱ ዓይነትና በመኪናው ደረጃ ነው። መኪኖች በማኅበር ይደራጃሉ፤ ስምሪት ተሰጥቷቸው በተራ ይጭናሉ። ወረቀቱ ላይ ምንም አልጎደለም። መናኸሪያው ግቢ ስንደርስ ግን ሌላ ነው። መንገደኛው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይሰለፋል። መኪናው «ሳይሞላ አይነሣም» ተብሎ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ይቆማል። ሲሞላም ወንበሩ ብቻ አይደለም የሚሞላው፤ በመተላለፊያው በርጩማ ይደረደራል፣ ሞተሩ ላይ ሰው ይቀመጣል። ረዳቱ ከታሪፍ በላይ ይሰበስብና «ትራፊክ ከጠየቃችሁ በታሪፍ ነው የከፈልነው በሉ» ይላል። እኛም እንላለን! ምክንያቱም እውነቱን የተናገረ ሰው ነገ ከዚያው ረዳት እጅ ነው የሚወድቀው።

አንድ ቀን ደሴ ሪፈር የተጻፈላቸው አንዲት እናት በዚሁ ሰልፍ ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ተኝተው አይቻለሁ። ልጃቸው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ለተራ አስከባሪው ያሳያል። ተራ አስከባሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ልጄ፣ መኪናው እኮ የለም፤ ከየት ላምጣልህ?» ነው ያለው። በሽተኛዋ ያን ቀን አልሄዱም። ሐኪሙ የሚችለውን አድርጓል፤ ሆስፒታሉም ደሴ አለ። በመካከሉ የጎደለው አንድ ወንበር ነው።

ለሾፌሩና ለባለ ንብረቱም ፍርድ እንስጥ። የእኛ መሥመር ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ጎማ ይበላል፣ ነዳጅ ይጠጣል። ከገበያ ቀን በቀር በመልሱ ባዶ ወንበር ሊኖር ይችላል። ከደሴ ኮምቦልቻ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሚኒባሱ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስ ይውላል። ታዲያ ባለ መኪናው የትኛውን ይመርጣል? ሰው ወደሚያተርፍበት ይሄዳል፤ ይህ ሊያስገርመን አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት ከርሟል፤ በዚያ ምክንያት የቀረውን መኪና ማንም አይወቅስም። ቢሆንም ሰልፉ በግጭቱ አልተጀመረም፤ በሰላሙም ጊዜ ነበረ።

ስለዚህ ሥራው የአስተዳደር ነው። የሚያተርፈውን መሥመር ከማያተርፈው ጋር ማሰር ይቻላል። በአጭሩና በጥሩው መሥመር ተራ የሚያገኝ ማኅበር በሳምንት የተወሰነ ቀን ወደ ምዕራቡ ወረዳዎች መኪና የማሰማራት ግዴታ ይኑርበት። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የታለመው የነዳጅ ድጎማ ሲጀመር ለሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች ተብሎ የወጣው ገንዘብ የሕዝብ ነበር፤ የቦረናም ገበሬ የሕዝቡ አካል ነው። ከጋራ ኪስ የተደገፈ መኪና ለጋራ ጥቅም ይዋል ቢባል ምን ስሕተት አለው? ከዚህም ሌላ ሞላም አልሞላም በሰዓቱ የሚነሣ አንድ የጧት መኪና ይመደብ። ታሪፉ በመናኸሪያው በር ላይ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ። ሪፈር ለያዘ በሽተኛ ሁለት ወንበር እስከ መነሻው ሰዓት ይጠበቅ። ከእነዚህ አንዱም ቢሊዮን ብር አይጠይቅም።

«ይህ ሁሉ ለጋዜጠኛ ትንሽ ነገር ነው» የሚል ይኖራል። የወሎ ልጅ ግን እንዲህ ሊል አይገባውም። በ1965 ዓ.ም. አያቶቻችንን የፈጀው ረኃብ ለዓለም የታየው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ከቀረበ በኋላ ነው። ያኔ እህል ፍለጋ ከየገጠሩ ወደ ዋናው መንገድ ዳር የወጣው ሰው ታየ፤ መንገድ ዳር መድረስ ያቃተውስ? ረኃብንና የመኪና ሰልፍን አላመሳስልም፤ ያንን ማመሳሰል በሙታን መቀለድ ነው። ትምህርቱ ግን አንድ ነው። መኪና የማይደርስበት ቦታ ጋዜጠኛም አይደርስበትም፤ ጋዜጠኛ ያልደረሰበት ችግር ደግሞ በሹም ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። መኪና ማጣትና ወሬ ማጣት እንዲህ ተያይዘው ይሄዳሉ።

አገራችን «ዝም አይነቅዝም» ትላለች። ለነገረኛ ሰው ጥሩ ምክር ነው፤ ለመብት ግን አይሆንም። ዝም ያልነው ነገር ነቅዞ አይተነዋል።

እኅቶቼና ወንድሞቼ ሠልጣኞች! ነገ ተመርቀን የምንመደበው እኮ በእነዚሁ ወረዳዎች ነው። ደመወዝ ለመቀበል፣ መጽሐፍ ለማምጣት፣ ስንታመምም ለመታከም የምንሳፈረው ያንኑ መኪና ነው። መምህር አንድ ዓመት አስተምሮ ዝውውር የሚጠይቀው ተማሪውን ጠልቶ ነው ወይስ መውጫ መግቢያ አጥቶ? ጋዜጠኛ እስኪመጣ ለምን እንጠብቃለን? እያንዳንዳችን ለዕረፍት ስንሄድና ስንመለስ አራት ነገር በደብተራችን እንጻፍ፦ የተሰለፍንበትን ሰዓት፣ መኪናው የተነሣበትን ሰዓት፣ የተለጠፈውን ታሪፍና የከፈልነውን፣ የወንበሩንና የተጫነውን ሰው ቁጥር። የሰው ስም ወይም ታርጋ አንጻፍ፤ ዓላማችን አንድን ረዳት ማሳጣት አይደለም። ሁሉንም በአንድ ሰንጠረዥ አድርገን እዚህ ግድግዳ ላይ እንለጥፍ፤ ግልባጩን ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትና ለሬዲዮ እንላክ። ምሬት ነው ተብሎ የሚጣል ብዙ ደብዳቤ አለ፤ ሰዓትና ብር የተጻፈበት ሰንጠረዥ ግን መልስ ይጠይቃል።

በዚህ አሳብ የማይስማማ ቢኖር ከጎኑ ባዶ ቦታ አለ፤ ይጻፍበት።

ከአንድ የቦረና ተወላጅ ሠልጣኝ