አምፖሉን ወይስ ወረቀቱን?

ስለ ቀድሞዎቹ የእንግሊዝ አምፕሊፋየሮች በተነሣ ቍጥር አንዳንድ ሰዎች የሚያመሰግኑት የመስተዋቱን አምፖል ብቻ ነው። ድምፁ ለስላሳ ነው፥ ልብ ይነካል፥ የዛሬ ዕቃ ከዚያ አይደርስም ይላሉ፤ የአሮጌው ዕቃ ዋጋም በዚሁ ወሬ ይወጣል። እኛ ግን ምስጋናው ቦታውን ስቷል ብለን እናምናለን። የእነዚያ ሰዎች ትልቁ ሥራ አምፖሉ ሳይሆን፥ ያወቁትን በቍጥር ለክተው በግልጥ መጻፋቸው ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። አምፕሊፋየር ከሸክላው መርፌ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት አጕልቶ ለድምፅ ማጉያው ያቀብላል። ሲያጐላ ግን በመጀመሪያው ያልነበረ ነገር ከራሱ ይጨምራል፤ ይህ መዛባት ይባላል። መድኃኒቱን በ1927 አሜሪካዊው ሃሮልድ ብላክ አገኘው፤ ከመውጫው ጥቂቱን በተቃራኒው ወደ መግቢያው መልሶ፥ መሣሪያው ስሕተቱን ራሱ እንዲያርም ማድረግ ነው። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በመውጫው ያለው ትራንስፎርመር በጥንቃቄ ካልተጠመጠመ፥ መሣሪያው ማረሙን ትቶ በራሱ ማፏጨት ይጀምራል።

በ1945 ሃሮልድ ሊክ መዛባቱን ወደ ከመቶ 0.1 አወረደና አምፕሊፋየሩን በዚሁ ቍጥር «ፖይንት ዋን» ብሎ ሰየመው። ልብ እንበል፤ ይህ የውበት ስም ሳይሆን የልክ ስም ነው። መለኪያ ያለው ሁሉ ሊፈትነው የሚችል ቃል ነበር።

ከ2 ዓመት በኋላ የመጣው ግን ከዚህም ይበልጣል። ዲ. ቲ. ኤን. ዊሊያምሰን የተባለ ወጣት መሐንዲስ በ1947፥ በኤፕሪልና በሜይ፥ «ዋየርለስ ወርልድ» በተባለው መጽሔት የ15 ዋት አምፕሊፋየር ንድፍ አወጣ። አምፖሎቹ ኬቲ 66 የሚባሉት ነበሩ፤ መዛባቱም ከመቶ ከ0.1 አይበልጥም። ሽቦው እንዴት እንደሚገናኝ ብቻ አልጻፈም፤ ያ አስቸጋሪው ትራንስፎርመር እንዴት እንደሚጠመጠም ጭምር ዘርዝሮ አስቀመጠ። መጽሔቱን የገዛ ሁሉ፥ እጁ ከተፍታታ፥ በቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሊሠራው ቻለ። ብዙዎችም ሠሩት፤ ንድፉ ባሕር ተሻግሮ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ተስፋፋ።

«ሥራውን የሠራው በአምፖል ፋብሪካ ውስጥ ሳለ ነው፤ ንድፉ ሲሰራጭ አምፖሉም ይሸጣል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ አንክድም። ይሁን እንጂ አምፖል ለመሸጥ ማስታወቂያ ይበቃ ነበር። የትራንስፎርመሩን ጥምጥም ለሕዝብ መንገር ግን ሌላ ነገር ነው።

ዕውቀት ሲገለጥ ዕውቀት ይጠራል። የኳድ መሥራች ፒተር ዎከር በ1953 ኳድ 2 የተባለውን አምፕሊፋየር አወጣ። በ1955 ደግሞ ስለ ኤሌክትሮስታቲክ ድምፅ ማጉያ የደረሰበትን በዚያው መጽሔት ጻፈ፤ ከዊሊያምሰንም ጋር ተባብሮ የሠራው ድምፅ ማጉያ በ1957 ለገበያ ቀረበ። የዋርፍዴሉ ጊልበርት ብሪግስም በ1954 በለንደን ሮያል ፌስቲቫል ሆል፥ ሕያው ሙዚቃንና ሸክላን በሕዝብ ፊት አስተያይቶ ፍርዱን ለአድማጭ ጆሮ ተወ። ዕቃውን በአደባባይ ለፈተና የሚያቀርብ ነጋዴ ስንት ነው?

አምፖሉ ራሱ ምሥጢር ቢሆን ኖሮ፥ ሊክ በ1963፥ ኳድም በ1967 ወደ ትራንዚስተር ባልተሻገሩ ነበር። የፈለጉት ምንም የማይጨምርና ምንም የማይቀንስ መሣሪያ ነው፤ መንገዱ ሲለወጥ አብረው ተለወጡ። እንግዲህ አምፖሉን ይዘን ልኩን ብንጥል፥ ቅርፊቱን ይዘን ፍሬውን መጣል ነው። ከእነዚያ ዕቃዎች አንዱ በእጁ የገባለትም ቸኵሎ ከሶኬት አይሰካው፤ በውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ይዞራል፥ ያረጁት ካፓሲተሮችም መጀመሪያ መመርመር አለባቸው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። አንድ ተማሪ ወራት ደክሞ የሠራው የላቦራቶሪ ሥራ ማርክ ከተሰጠበት በኋላ ማን ያነበዋል? ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ያንኑ ስሕተት እንደ ገና ከመጀመሪያው ይሳሳታል። የሚጎድለን አእምሮ አይደለም፤ የሠራነውን ከነቍጥሩ ለሌላው ማስረከብ ነው። ስለዚህ በዚህ መጽሔት በየእትሙ አንድ ገጽ ለተማሪ ንድፍ እንዲለቀቅ እንጠይቃለን። የሚወጣውም ሥራ የተሳካውን ብቻ ሳይሆን ያልተሳካውንም ይናገር። የታተመ ንድፍ ሌላው ይፈትነዋል፥ ያርመዋል፥ ይቀጥለዋል፤ በመሳቢያ የተቈለፈውን ግን ብልና አይጥ ይካፈሉታል።