የጠፋ እህልና የወረዳ ፍርድ

ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የሚደክምበት ሀብት በሣጥን ተቆልፎ የሚቀመጥ አይደለም፤ በሜዳ ላይ ለዝናብና ለፀሐይ፣ ለወፍና ለከብት ተገልጦ የሚያድር ነው። በሐምሌ የተዘራ ጤፍ እስከ ኅዳርና እስከ ታኅሣሥ ድረስ ጠባቂው የባለቤቱ ዓይንና የጎረቤት ሕሊና ነው። ስለዚህ የሌላውን ሰው ቡቃያ ከብት ያስበላ፣ ክምሩን በእሳት ያጋየ፣ እርከኑን ያፈረሰ ወይም የመስኖ ፓምፑን የሰበረ ሰው ያጠፋው አንድ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ የአንድን ቤተ ሰብ የዓመት ቀለብና ለሚመጣው ክረምት የሚሆነውን ዘር ጭምር ነው።

እንዲህ ያለው በደል ሲደርስ ነገሩ ከሽማግሌ አልፎ ወደ ፖሊስ፣ ከፖሊስም ወደ ዐቃቤ ሕግና ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ይሄዳል። በዚያም ፍጻሜው ብዙ ጊዜ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ባለጉዳዮቹ ታርቀው አቤቱታው ይነሣል፤ ወይ ማስረጃ ጎድሎ ተከሳሹ በነፃ ይለቀቃል፤ ወይ ጥፋተኛ ተብሎ መቀጮ ይከፍላል ወይም ይታሰራል። ነገር ግን በሦስቱም መንገድ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል፤ ይኸውም የጠፋውን እህል ማን ይተካዋል የሚለው ነው።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ፣ እርሱን ተክቶ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ፣ በሰው ንብረት ላይ አስቦ ጉዳት ማድረስን ወንጀል አድርገው ደንግገዋል። በኋለኛው ሕግ ቀላል እስራት በመደበኛው ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት፣ መቀጮም ከ10 ብር እስከ 10,000 ብር ነው። ሆን ብሎ እሳት የለቀቀ ሰው ደግሞ ከዚህ በከበደ አንቀጽ ይጠየቃል። ቂም ይዞ ክምር የሚያቃጥል ሰው ሕግን ሊፈራ ይገባዋልና በዚህ የሚከራከር የለም።

ይሁን እንጂ መቀጮው የሚገባው ለመንግሥት ግምጃ ቤት እንጂ ለተበዳዩ ጎተራ አይደለም። ጥፋተኛው ሲታሰርም በሬዎቹ ሥራ ፈትተው ይቆማሉ፤ የተበዳዩም ማሳ እንደ ተጋጠ ይቀራል። ቀድሞ አንድ ቤት የተራበ እንደ ሆነ አሁን ሁለት ቤት ይራባል። በአገራችን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው እግሩን የሚያቆመው፣ ሕግ የተበደለውን እንደሚክስ በማመን ነው። ተበዳዩ ለቀጠሮና ለምስክር ሲመላለስ የእርሻ ቀኑን አባክኖ ባዶ እጁን ከተመለሰ ግን፣ በሚቀጥለው ዓመት ፍርዱን በዱላና በክብሪት ሊፈልግ ይነሣል። የብዙ ጎረቤታሞች ደም መቃባት መነሻው አንድ ጥማድ የማትሞላ የተጋጠች ማሳ ናት።

ለዚህ መድኃኒቱ አዲስ ሕግ ማውጣት ሳይሆን ያለውን ሕግ በሥራ ላይ ማዋል ነው። በወንጀል የተጎዳ ሰው የካሣ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ሊያቀርብ እንደሚችል የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 101 ፈቅዷል፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም በአንቀጽ 154 የአቀራረቡን መንገድ አመልክቷል። ይህን መብት የማያውቅ ገበሬ የሚጠራው ለምስክርነት ብቻ ይመስለዋል።

በተለይ በከብት ጉዳይ አንድ ነገር በደንብ ሊታወቅ ይገባል። ከብት የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ሕፃን ልጅ ነው። ዕድሜው 9 ዓመት ያልሞላ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውም የአዋቂ ቅጣት አይፈጸምበትም። አስቦ ማጥፋቱ ያልተረጋገጠበት ባለከብትም በነፃ ሊለቀቅ ይችላል። ነገር ግን ከቅጣት መዳን ከዕዳ መዳን አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071፣ እንስሳው ሳይታሰብ ከቁጥጥሩ አምልጦ ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። የወንጀሉ ችሎት ተከሳሹን በነፃ ቢያሰናብተውም ተበዳዩ በፍትሐ ብሔር ችሎት ካሣ ከመጠየቅ አይከለከልም፤ ይህንም ክስ በመደበኛው በ2 ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስቀጣ ወንጀል ደግሞ የአቤቱታው ጊዜ 3 ወር ብቻ ስለ ሆነ፣ «አዝመራው ይሰብሰብና ይታያል» ብሎ ማዘግየት መብትን ያሳጣል።

ካሣ በግምት ይቆማል፤ ግምትም በዕለቱ መደረግ አለበት። ዝናብ የከብቱን ኮቴ ያጠፋዋል፤ ሰብሉም መልኩን ይለውጣል። ገና በቡቃያው የተጋጠ እህል ዝናብ ካላቋረጠ ዳግመኛ ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ ካሸተ በኋላ የተጋጠ ግን ተመልሶ ፍሬ አይሰጥም። ስለዚህ ተበዳዩ በዚያው ቀን ሽማግሌዎችንና የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠርቶ፣ የተጎዳው መሬት ስንት ጥማድ እንደ ሆነ፣ እህሉ ምን እንደ ነበረና በምን ደረጃ ላይ እንደ ደረሰ፣ አጠገቡ ያለው ያልተነካ ማሳ ምን ያህል እንደሚሰጥ ያስጽፍ። ፖሊስም ይህን ግምት ከመዝገቡ ጋር ሊያያይዘው ይገባል። እንዲህ ሲሆን ለተበዳይ ኪሣራው፣ ለተከሳሽም ከተጋነነ ጥያቄ መዳኛው በእጁ ይሆናል።

አንዳንድ ሰዎች «ካሣ ከበዛ፣ ከብት የሞላለት ሰው እየከፈለ ያስበላል» ይላሉ። ነገሩ እውነትነት አለው። ስለዚህ ካሣ በቅጣት ፈንታ የሚሰጥ ሳይሆን ከቅጣት ጋር የሚሄድ መሆን አለበት፤ ደጋግሞ ላጠፋ ሰውም እስራቱ ሊቀርለት አይገባም። ባጋጣሚ አጥፍቶ፣ ተጸጽቶ፣ የበደለውን ለመካስ የፈጠነውን ግን የወንጀል ሕጉ ራሱ በአንቀጽ 82 ቅጣት ከሚያቀልሉ ምክንያቶች ቈጥሮለታል። ይህን የሚያውቅ ጥፋተኛ ጠበቃ ፍለጋ ከመሮጥ ይልቅ እህል ሰፍሮ ወደ ተበዳዩ ደጅ መሄድን ይመርጣል።

እንግዲህ የወረዳ ዳኞች በዘርና በአጨዳ ወራት ቀጠሮ እንዳይበዛ ቢያስቡ፣ ዐቃቤ ሕጎችም ተበዳዩን «ካሣ ትጠይቃለህን?» ብለው አስቀድመው ቢጠይቁት፣ ብዙ በጀት የማይፈልግ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። በውሳኔው ወረቀት ላይ የጥፋተኛው ቅጣት በተጻፈበት ሥር የተበዳዩ ካሣም ይጻፍ። ያን ጊዜ ገበሬው ከችሎት ሲወጣ ለሚመጣው ክረምት የሚዘራውን ይዞ ይመለሳል።