ሳይሞላ የቀረው መስመር

ለላቦራቶሪ ዕቃ በጀት ለምትፈርሙ፣ ግዥ ለምታጸድቁና ለምታዘገዩ ሁሉ፤

የእህቴ አርባ በወጣ ማግስት የሕክምና ወረቀቶቿን የያዘውን ፌስታል ከቁምሳጥኑ አወረድኩት። እትዬ ሥርዓት ትወድ ነበር፤ ደረሰኙን ለብቻ፣ ማዘዣውን ለብቻ በላስቲክ አስራዋለች። መሃሉ ላይ የፓቶሎጂ ውጤቷ አለ። የጡት ካንሰር መሆኑን ከነገረ በኋላ ሦስት መስመር አስከትሏል፦ ኢስትሮጅን ሪሴፕተር፣ ፕሮጀስትሮን ሪሴፕተር፣ ኸር ቱ። ከሦስቱም ትይዩ በእስክሪብቶ የተጻፈው አንድ ነው፦ «ሪኤጀንት የለም»።

ናሙናውን ያደረስኩት እኔ ነበርኩ። የጣት ጫፍ የምታህል ሥጋ፣ ፎርማሊን በሞላው ብልቃጥ ውስጥ፤ ስሟ በፕላስተር ተለጥፎ፣ በፌስታል ተይዞ። ታክሲ ውስጥ ወያላው «ፌስታሉን ከእግርህ ሥር አድርገው» ቢለኝ እምቢ ብዬ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። እንዳይፈስ ነበር ጭንቀቴ። አልፈሰሰም።

ያኔ ምን እንደጎደለ አልጠየቅንም። ኬሞ ተጀመረ፣ ፀጉሯ ረገፈ፣ ለጨረር ወረፋ ያዙ ተባልን። ወረፋ የያዘ ሰው ምን ይጠይቃል?

አሁን ገብቶኛል። ከአሥር የጡት ካንሰሮች ሰባት ያህሉ በሆርሞን የሚያድጉ ናቸው፤ ይህን የሚለዩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች ናቸው። ለእነዚህ ታሞክሲፌን የምትባል ክኒን አለች፤ በየቀኑ፣ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት የምትዋጥ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለች ርካሽ መድኃኒት ናት። ኸር ቱ ለበዛበት ትራስቱዙማብ አለ። እሱ ውድ ነው፤ ሆኖም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ሦስቱም ኔጌቲቭ ከሆኑ ደግሞ ሐኪሙ ሌላ ያስባል። የእትዬ ሐኪም የትኛውን ያስብ? ወረቀቱን አገላብጦ አየና ለሁሉም የሚሰጠውን ሰጣት።

ሆስፒታሉን አልጠራም። እስክሪብቶ የያዘው የላቦራቶሪ ልጅ ያጠፋው የለም፤ እውነቱን ነው የጻፈው። ሪኤጀንቱ እንዲገዛ የተጻፈው ደብዳቤ ግን የሆነ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ጠረጴዛው የእናንተ ነው።

ትድን ነበር አልልም፤ ሐኪም አይደለሁም። ምናልባት ሦስቱም ኔጌቲቭ ይሆኑ ነበር። አለማወቄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ናሙና በሰም ታሽጎ ለዓመታት እንደሚቀመጥ ሰምቻለሁ። እንግዲያው የእትዬም እዚያው መደርደሪያ ላይ ይኖራል። ሪኤጀንቱ የገባ ቀን አስመርምሩልኝ። ውጤቱን መጥቼ እወስዳለሁ።