ድምፅ ፈልጎ ስክሪን የገዛ

አሮጌ መኪና ይዛችሁ ወደ ዲኮር ቤት ግቡና «ድምፁ ደክሟል፣ በትንሽ ገንዘብ ምን ይሻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ሳትጨርሱ ይመጣል፦ አንድሮይድ ስክሪን። ባለ 9 ኢንች፣ ዩቲዩብ የሚያጫውት፣ ክሩስኮቱን ሞልቶ የሚያበራ። ድምፅ ሊገዛ የሄደ ሰው ቴሌቪዥን ተሸክሞ ይመለሳል። ይሄ ንግድ ይባል እንጂ ለእኔ ማታለል ነው።

«አገር ስንት ጉዳይ እያለባት ስለ መኪና ቴፕ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ ስለ መኪና ቴፕ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ስለዚህ ያቺው ኮሮላ፣ ያቺው ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት አብራን ትከርማለች። ከንጋት እስከ ምሽት መሪ ላይ ለሚውል የራይድ ሹፌር ደግሞ ያ ቴፕ ቅንጦት አይደለም፣ የሥራ ቦታው ነው። ዕቃው ሁሉ በዶላር የሚመጣ ስለሆነ አንዴ የተሳሳተ ነገር የገዛ ሰው ሁለተኛ ዕድል የለውም።

አሁን ወደ ነገሩ። ሃያ ዓመት ፀሐይ ሲመታው የኖረ ስፒከር ወረቀቱ ይደርቃል፣ ዙሪያው ያለው ስፖንጅ ይበጣጠሳል። አዲሱ ስክሪን ድምፁን የሚያስወጣው በዚያው በተቀደደ ወረቀት ነው። ታዲያ ምኑ ተሻሻለ? ካርቶኑ ላይ «4×50 ዋት» የሚል ጽሑፍም አያሞኛችሁ። ሞተር ሲነሳ የመኪና ኤሌክትሪክ 14 ቮልት ገደማ ነው። በዚህ ቮልቴጅ፣ በ4 ኦም ስፒከር ላይ፣ ቴፕ ውስጥ ያለ ተራ ማጉያ ከ25 ዋት እምብዛም የማያልፍ ንጹሕ ጉልበት ነው የሚሰጠው። ከዚያ በላይ የተጻፈው የካርቶን ጌጥ ነው።

ገንዘብ ያጠረው ሰው ከፊት በሮች ይጀምር። ሁለት ደህና የፊት ስፒከር፤ የኋላው ይቆየው፣ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ቅሬታ አያቀርብም። ከስፒከሩ እኩል ደግሞ በሩ ራሱ ነው ሥራ የሚፈልገው። የበሩ ሽፋን ሲነሳ ብረቱ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ስፒከር ከፊቱ የሚገፋው አየርና ከኋላው የሚስበው በእነዚህ ቀዳዳዎች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ መጀመሪያ የሚጠፋውም ወፍራሙ ድምፅ ነው። «ቤዝ የለውም» ተብሎ ትልቅ ሳጥን የሚጫንበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ቀዳዳዎቹን መድፈን፣ ቆርቆሮው እንዳይንቀጠቀጥ ለዚሁ የተሠራውን የሚጣበቅ ንጣፍ መለጠፍ፣ ስፒከሩን በፕላይውድ ቀለበት አጥብቆ ማሰር፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የጣሪያ ሬንጅ የሚለጥፍላችሁ ግን አትፍቀዱለት። በበጋ ሲግል መኪናው ውስጥ መቀመጥ አይቻልም።

ያገለገለ ስፒከር መግዛትም ነውር የለበትም። ወረቀቱን በጣት በዝግታ ግፉት፤ ከፈገፈገ ተቃጥሏል። በቴስተር ለኩት፤ የ4 ኦም ስፒከር ከ3 ጥቂት ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል።

ቴፑን የግድ መቀየር የሚኖርበት ሰው የለም ማለቴ አይደለም። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ሬዲዮ ኤፍ ኤም የሚይዘው ከ76 ጀምሮ እስከ 90 አካባቢ ነው። ሸገር 102.1 ላይ፣ ፋና 98.1 ላይ ናቸው፤ በራሱ አያገኛቸውም። ስለዚህ አንቴናው ላይ ማሸጋገሪያ ይሰካና ጣቢያው በሌላ ቁጥር፣ በቀጠነ ድምፅ ይመጣል። እንዲህ ያለ ቴፕ ይቀየር፤ ግን ብሉቱዝና ዩኤስቢ ባለው ተራ ቴፕ። የኋላ ካሜራ የፈለገ ስክሪን ይግዛ፣ ካሜራ ገዛሁ ይበል። ቴፓችሁ ጤነኛ ከሆነና የኦግዚለሪ መሰኪያ ካለው ደግሞ አንድ ገመድ ይበቃችኋል። ሲጋራ መለኮሻ ላይ ተሰክቶ በኤፍ ኤም የሚያስተላልፈው ዕቃ ከሁሉ የመጨረሻው አማራጭ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ግን ሽቦው ነው። ለብዙ መኪኖች የሚገጣጠም ሶኬት እያለ፣ የፋብሪካውን ሶኬት በፒንሳ ቆርጦ፣ ሽቦውን በእጅ ጠምዝዞ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ ክሩስኮት ውስጥ የሚጎስር «ባለሙያ» በየሰፈሩ አለ። አምፕሊፋየር ሲጨምር ደግሞ ከባትሪው ቀጥታ ወፍራም ሽቦ ያወጣና ያለ ፊውዝ በኮፈኑ ሥር ያሳልፈዋል። ያ ሽቦ አንድ ቀን በብረት ጠርዝ ተልጦ ቦዲ ሲነካ የባትሪው ጉልበት በሙሉ በእሱ ውስጥ ያልፋል፣ ሽቦውም እንደ ምድጃ ይቀላል። ፊውዙ መቀመጥ ያለበት ከባትሪው ከግማሽ ሜትር ባልራቀ ቦታ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ አምፕሊፋየሩን እንጂ መንገድ ላይ ያለውን ሽቦ አያድነውም።

መኪናችሁን ከመረከባችሁ በፊት ኮፈኑን አስከፍቱና ያንን ፊውዝ በጣቱ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ካላሳያችሁ ሒሳቡን አትክፈሉ።