«አርጅቷል» ብላችሁ አትተዉት!



«ዶክተር፣ አንቺ የሰው ሐኪም፤ ስለ ውሻ ምን አገባሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ያገባኛል! ጃናሞራ ላይ ውሻ በጎቹን ከቀበሮና ከጅብ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው። ዓይኑ ሲታመም ደግሞ ለሰው የታዘዘ ጠብታ ይጨመርለታል።

የሸመገለ ውሻ ዓይን ወደ ግራጫ ሊያደላ ይችላል። ይህ ግን በሁለቱም ዓይን፣ ቀስ እያለ፣ በዓመታት የሚመጣ ነው፤ አያመውም፣ ማየትም ብዙ አይከለክለውም። ትናንት ጥርት ብሎ የነበረ ዓይን ዛሬ ጭጋግ ከለበሰ እርጅና አይደለም። እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም! ቁስለት፣ የዓይን ውስጥ ብግነት ወይም ግላኮማ ሊሆን ይችላል። ግላኮማ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሳውራል።

እባካችሁ፦
❌ ጨው አትጨምሩበት፣ የታኘከ ቅጠል አትትፉበት።
❌ ከቤት የተረፈ ጠብታ አትስጡት። ዴክሳሜታዞን ያለበት ጠብታ ቁስሉን አባብሶ ዓይኑን ሊበሳው ይችላል።
✅ ዓይኑን እንዳያከው ጠብቁት፤ በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።
✅ ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ ወይም መዋጥ ካቃተው አትንኩት፣ ልጆችንም አርቁ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ሰው ከነከሰ ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥባችሁ ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ዛሬ «ውሻ ነው፣ ያውም ያረጀ» ያለ አፍ ነገ «እማማ አርጅተዋል፣ ሞራው ይብሰል» ይላል። የሰውም ዓይን በድንገት ሲጋረድ አንድ ቀን አይታደርበትም!

ለጎረቤት ንገሩ፣ ሼር አድርጉ።