የአብራሪዎች የጡረታ ዕድሜ በገበያ አይወሰን!

65 ዓመት የሞላው ካፒቴን ምንም ያህል ጤነኛና ልምድ ያካበተ ቢሆን ዓለም አቀፍ የመንገደኞች በረራ ማብረር አይፈቀድለትም። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) ገደቡ ወደ 67 ከፍ እንዲል ያቀረበው ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ2025 ሞንትሪያል በተካሄደው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) ጉባዔ ተቀባይነት አላገኘም። ከቦሌ ተነስቶ ድንበር የሚሻገር በረራም የሚመራው በዚሁ ደረጃ ስለሆነ ነገሩ ለእኛም የሩቅ ወሬ አይደለም። የጉባዔው ውሳኔ ትክክል ነው ብለን እናምናለን።

ዕድሜን በዚህ ሥራ ላይ ገደብ ያደረገው ከመነሻው ሕክምና ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1959 የአሜሪካን አየር መንገድ ኃላፊ ሲ. አር. ስሚዝ በ60 ዓመት ጡረታ ጉዳይ ከአብራሪዎቻቸው ማኅበር ጋር ሲወዛገቡ፣ ለአገሪቱ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ኃላፊ ለኤልውድ ኬሳዳ ድጋፍ እንዲሰጧቸው ጻፉ። ዓመቱ ሳያልቅ 60 ዓመት አገር አቀፍ ገደብ እንዲሆን ተወሰነ። ኬሳዳ ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ የዚያው አየር መንገድ የቦርድ አባል ሆኑ። ቁጥሩ ግን እስከ 2007 ድረስ ሳይነካ ቆየ። በዚያ ዘመን ስንት ብቁ አብራሪ ያለ ጊዜው ተሰናብቶ ይሆን?

ዛሬ ደግሞ ገበያው ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጎትታል። የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት በ2023 ገደቡን ወደ 67 ለማሳደግ ድምፅ ሲሰጥ፣ ደጋፊዎቹ ደጋግመው ያነሱት የአብራሪ እጥረትን ነበር። በግንቦት 2024 የጸደቀው ሕግ 65ን እንዳለ አቆየው። እጥረት የሚቃለለው በሥልጠና ነው፤ ሁለት ዓመት መጨመር ችግሩን ለሁለት ዓመት ያስተላልፈዋል እንጂ አይፈታውም።

ልምድን አናቃልልም። ካፒቴን ሰለንበርገር በ2009 ሁለት ሞተሩ የጠፋበትን አውሮፕላን ሀድሰን ወንዝ ላይ አሳርፎ በውስጡ የነበሩት 155 ሰዎች ሁሉ ሲተርፉ ዕድሜው 57 ነበር። የ57 ዓመት ሰው ታሪክ ግን ስለ 66 ዓመት ሰው ምስክር አይሆንም። «ሁለት አብራሪ ስላለ አያሰጋም» የሚለው ክርክርም የሚሠራው አንዱ በድንገት ሲታመም ነው። ውሳኔ ቀስ በቀስ ሲዘገይ ግን ራሱ አብራሪውም፣ አጠገቡ የተቀመጠውም ላያስተውሉት ይችላሉ። አያታም ቢሆን በሐሳቡ ውስጥ ከሁለቱ አንዱ ከ65 በታች ይሁን ማለቱ ሥጋቱን የሚያውቀው መሆኑን ያሳያል።

ስለዚህ በስድስት ወር አንዴ የሚደረገው የጤና ምርመራ ልብና ዓይንን ብቻ ሳይሆን ትውስታንና የውሳኔ ፍጥነትን በወጉ ይለካ። ጃፓን በአገር ውስጥ በረራ እስከ 67 ትፈቅዳለች፤ ካናዳና አውስትራሊያ ለአገር ውስጥ በረራ ጣሪያ የላቸውም። ኢካኦ ከእነዚህ አገሮች የበረራና የጤና መረጃ ሰብስቦ ከሚቀጥለው ጉባዔ በፊት ለሕዝብ ይፋ ያድርግ። አየር መንገዶችም እስከዚያው 65 የሞላቸውን ካፒቴኖች በሚመጥናቸው ደመወዝ በሲሙሌተር ክፍል አስተማሪ አድርገው ያቆዩአቸው።